አሽ ዛፍ ያላችሁ፣ ሳይደርቅ ወስኑ

የምንኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ቤቱን ስንገዛ ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ አሽ ዛፎች ነበሩ። አንዱ ጓሮ ቆሞ ሳሎኑን ከከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይከልላል። ሌላው ጋራዡ ጥግ በቅሎ ቅርንጫፎቹን መብራት ሽቦው ላይ ዘርግቶ ነበር። የጓሮው ዛሬም አለ፣ አሽ ዛፍን ከሚገድል ጢንዚዛ የሚጠብቀውን መድኃኒት በየሁለት ዓመቱ ይወስዳል። የጋራዡን ግን ቅጠሉ ሳይመናመን በጊዜ አስቆረጥነው። ሁለቱም ውሳኔ ጠቅሞናል።

ይህን የምጽፈው በመንትያዎቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ቤት ያላቸው ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ዛፍ ምክንያት ያለአግባብ ገንዘብ ሲከስሩ ስላየሁ ነው። ከጢንዚዛው በላይ የሚያከስራቸው መዘግየት ነው። ዴንቨር አካባቢ፣ ኮለምበስ ወይም ሜሪላንድ ያላችሁም አንብቡት፤ ጢንዚዛው እናንተም ዘንድ ደርሷል።

መጀመሪያ ስለ ጠላታችን በአጭሩ። ኤመራልድ አሽ ቦረር ይባላል። አንድ ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ጢንዚዛ ነው። የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ እስያ ነው። እዚያ ያሉት የአሽ ዓይነቶች ከድሮ ጀምሮ አብረውት ስለኖሩ ይቋቋሙታል። የሰሜን አሜሪካዎቹ አብዛኞቹ ግን በቂ መከላከያ የላቸውም። በ2002 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዲትሮይት አካባቢ ሲታወቅ ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር። በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ተደብቆ እንደመጣ ይታመናል። በሜይ 2009 እዚሁ ሴንት ፖል ተገኘ፣ በ2010 ደግሞ ሚኒያፖሊስ።

ሚኒሶታ ውስጥ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ አሽ እንዳለ ይገመታል። ከተማ ውስጥ የበዛበት ምክንያት አለው። በ1970ዎቹ የኤልም ዛፎችን የፈጀ በሽታ መጣና መንገዶቹ ባዶ ቀሩ። በምትካቸው ቶሎ የሚያድግና ብርድ የሚችል ዛፍ ተፈለገ፤ አሽ በየመንገዱ ተደረደረ። አንድ ዓይነት ዛፍ በሌላ አንድ ዓይነት ተተካ ማለት ነው። አሁን የምንከፍለው የዚያን ዋጋ ጭምር ነው።

ጢንዚዛው ራሱ ቅጠል ጫር ጫር ከማድረግ ያለፈ ብዙ ጉዳት የለውም። የሚገድለው ትሉ ነው። እናቲቱ በሰመር ወራት እንቁላሏን በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል ቅርፊቱን በስቶ ይገባና ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርድበትን ስስ ሽፋን እየበላ ይጠማዘዛል። ትሎቹ ሲበዙ መተላለፊያው ዙሪያውን ይቆረጣል። ዛፉ ከላይ ወደ ታች መድረቅ ይጀምራል። ትሉ የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፍና በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ጤነኛ ዛፍ ላይ ወይም እንደኛ ብርድ በሚበረታበት አገር ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ብዙ ሰው ብርዱ ይጨርሰዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። በጃንዋሪ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ሲደርስ እኔም በጉጉት ጠብቄ ነበር። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ብርድ ብዙ ትል ይገድላል። ቅርፊቱ ግን ይሸፍናቸዋል፣ የተረፉትም መልሰው ይራባሉ። ብርድ ጊዜ ይሰጠናል እንጂ አያድነንም።

አሁን ወደ ግቢያችሁ ውጡ። ዛፋችሁ አሽ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነገር አብራችሁ እዩ። ቅርንጫፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አንዱ ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ከ5 እስከ 11 በሚሆኑ ትንንሽ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው። ያረጀ ግንድ ቅርፊቱ እየተጠላለፈ አልማዝ መሳይ ቅርጽ ይሠራል። ቦክስኤልደር የሚባለውም ዛፍ ጥንድ ቅርንጫፍና የተከፋፈለ ቅጠል ስላለው ያሳስታል፤ የእሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ነው። ቀይ ፍሬ የሚያፈራው ማውንቴን አሽ ደግሞ በስም ብቻ ነው አሽ፣ ጢንዚዛው አይነካውም። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን ከነዘንጉ ፎቶ አንስታችሁ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን (ለሕዝብ ምክር ለሚሰጠው ክፍል) ላኩ።

ምልክቶቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ጢንዚዛው ሲወጣ ስለሚተወው ቀዳዳ ነው። ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ ግማሽ ክብ። ግን ጢንዚዛው የሚጀምረው ከዛፉ ጫፍ ነው። ቀዳዳው በዓይናችሁ ትክክል ግንዱ ላይ እስኪታይ ድረስ ዛፉ ለዓመታት ተበልቷል። ስለዚህ ወደ ላይ እዩ። ከሁሉ በፊት የሚነግራችሁ ግንደ ቆርቁር ነው። ወፉ ትሉን ፍለጋ የላይኛውን ቅርፊት ይልጣል፣ ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይታያል። ይህ በደንብ የሚታየው ቅጠል በሌለበት ጊዜ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ነው። የእኛን ሰፈር የመጀመሪያ የታመመ ዛፍ ያወቅነው በዚህ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጫፉ ይሳሳል፣ ቅርፊቱ በቁመት ይሰነጠቃል፣ ከግንዱ ሥር አዳዲስ ቀንበጦች ይፈላሉ። ስንጥቁን ገለጥ ብታደርጉ የተጠማዘዘ መንገድና የዱቄት ዓይነት ብናኝ ታገኛላችሁ።

ምልክቱን ባታዩም ውሳኔው አይቀርላችሁም። ጢንዚዛው ያለበት ከተማ ውስጥ መድኃኒት ያልተሰጠው አሽ ይዋል ይደር እንጂ ይሞታል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ታክማላችሁ፣ ወይ ታስቆርጣላችሁ። ዝም ብሎ ማየት የሚባለው መንገድ መጨረሻው መቁረጥ ነው፣ በውድ ዋጋ።

ለምን ውድ እንደሚሆን ላስረዳ። አሽ ከሞተ በኋላ እንጨቱ በጣም ቶሎ ይሰባበራል። ቅርንጫፎቹ ነፋስ ሳይኖር ይወድቃሉ። ቆራጮቹ በገመድ ሊወጡበት ይፈራሉ፣ ክሬን ወይም ማንሻ መኪና ያስፈልጋል። ጋራዡ ጥግ የነበረውን ዛፍ አረንጓዴ ሳለ ስናስቆርጥ አንድ ሰው ወጥቶ በገመድ አወረደው። እዚያው መንገዳችን ላይ ሞቶ የቆየ፣ ከእኛው ያነሰ ዛፍ የነበራቸው ጎረቤቶች ከእኛ እጥፍ ገደማ ከፍለዋል። መኪና ላይ ወይም የሰው ልጅ ላይ ቢወድቅ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው።

እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ። የጓሮውን ያተረፍነው ጥላው ስለሚያስፈልገን፣ ግንዱ ቀጥ ያለና ጤነኛ ስለነበረ፣ ከሽቦም ስለራቀ ነው። የጋራዡ ዛፍ ግን ከሽቦው የተነሳ በየጊዜው ተቆራርጧል፣ ግንዱ ላይም የቆየ ቁስል ነበረው። እንዲህ ያለው ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ዛፉ ከታመመም ተስፋ አለ፤ ከቅጠሉ ሲሶ ያህሉን እስካላጣ ድረስ በሕክምና ሊያገግም ይችላል። ግማሹ ከደረቀ በኋላ አድንላችኋለሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ። መድኃኒቱ ወደ ላይ የሚወጣው ዛፉ በራሱ ኃይል ስቦት ነው፤ መተላለፊያው ከተበላ የሚስብበት አቅም የለውም።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ኤማሜክቲን ቤንዞኤት የሚባለውን መድኃኒት ግንዱ ውስጥ ማስገባት ነው። ባለሙያው ከመሬት ጠጋ ብሎ በግንዱ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳና መድኃኒቱን በግፊት ይለቅበታል። ለታመመ ሰው ግሉኮስ እንደሚሰካው ማለት ነው። አንዴ ከተሰጠ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ትልቅ ዛፍ ላይ ይህን የሚስተካከል የለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጥሩው ጊዜ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ፣ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ነው። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ዛፉ አይስብም። ስለዚህ እኛ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ዛፉን በደንብ እናጠጣለን። የጓሮው ዛፍ ሥራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አልቋል።

ሁለተኛው ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለውን በውኃ በጥብጦ በግንዱ ሥር አፈሩ ላይ ማፍሰስ ነው። ሱቅ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ሰው ራሱ ሊያደርገው ይችላል። ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፣ የሚመረጠውም ለትንንሽ ዛፎች ነው። እኔ አልወደድኩትም። መድኃኒቱ ንብ ይገድላል፤ ዛፉ ሥር አበባ ከተከላችሁ አበባው ይስበዋል፣ ንቧም ከዚያ ትቀስማለች። ውኃ አጠገብ፣ አሸዋማ አፈር ላይ፣ ጎመንና ቃሪያ የተተከለበት መደብ ዳር በፍጹም አታፍስሱት። ከተጠቀማችሁም ማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ቃል በቃል ተከተሉ። ጨምሬ ባፈስ ይሻላል ማለት ሕገ ወጥም ነው፣ አይጠቅምም።

ዋጋው የሚሰላው በግንዱ ዲያሜትር ኢንች ነው። ስለዚህ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ራሳችሁ ለኩ። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍ ብላችሁ በልብስ ስፌት ሜትር ዙሪያውን ለኩና ለ3.14 አካፍሉት። ዙሪያው 63 ኢንች ከሆነ ዲያሜትሩ 20 ኢንች ነው። እኔ ስጠይቅ ለኢንች ከ10 እስከ 15 ዶላር ነበር የሚሉኝ። ለ20 ኢንች ዛፍ በሁለት ዓመት አንዴ ከ200 እስከ 300 ዶላር መሆኑ ነው። ትልቅ ዛፍ ለማስቆረጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ሲጠሩልን ስለነበር፣ የምትወዱት ዛፍ ከሆነ ሒሳቡ ያዋጣል።

ስለ ቆራጮች ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። በር አንኳኩቶ «ዛፍህ ሊወድቅ ነው፣ ዛሬ ከከፈልክ ቅናሽ አለ» የሚል ሰው ይመጣል። ከእኛ ሰዎች አንዱ እንዲህ ላለ ሰው ግማሽ ክፍያ በእጁ ሰጥቶ ሰውየው ሳይመለስ ቀርቷል። ሚኒሶታ ውስጥ በዛፍ ሥራ የሚነግድ ድርጅት በግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ዝርዝሩን መሥሪያ ቤቱን ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ። የኢንሹራንስ ወረቀት አሳዩኝ በሉ። ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። ጉቶውን መንቀልና እንጨቱን መውሰድ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። እኛ ጉቶውን ረስተን ብንፈርም ኖሮ ሌላ ክፍያ ይጠብቀን ነበር።

ከከተማው ስለሚመጣው ደብዳቤም ላውራ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን እይልኝ እስቲ። ግብር ነው ወይስ ማስታወቂያ?» አሉኝ። ከመጣ ሰንበት ብሏል። ሳየው ጓሯቸው ያለው አሽ በጢንዚዛው መያዙን፣ እስከተባለው ቀን ድረስ ካልተቆረጠ ከተማው አስቆርጦ ወጪውን ቤታቸው ላይ እንደሚጭን የሚገልጽ ነው። «እኔ ዛፉን አልተከልኩት፣ ለምን እኔ እከፍላለሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ሕጉ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ የባለቤቱ ነው ይላል።

አብረን ደወልን። የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን ስንል በስልክ አገናኙን። ጊዜ እንዲጨመርላቸው ጠየቅን፣ ተጨመረላቸው። ክፍያውም በአንድ ጊዜ እንዳይሆን ከንብረት ግብር ጋር ተከፋፍሎ በዓመታት የሚከፈልበት መንገድ እንዳለ ነገሩን። ወለድ እንዳለውም ጠይቀን አወቅን። በመጨረሻ ልጆቻቸው አዋጥተው በራሳቸው አስቆረጡላቸው። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ እሳቸው ሳይመርጡ፣ ዋጋም ሳይጠይቁ፣ ዕዳው ቤቱ ላይ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ከከተማው የመጣ ወረቀት ካልገባችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ዕለቱን አሳዩ። እናትና አባቶቻችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነም ሄዳችሁ ዛፋቸውን እዩላቸው። ግንዱ ላይ የቀለም ቀለበት ከተቀባ መርማሪ መጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

በእግረኛ መንገድና በአስፋልቱ መካከል ያለው ዛፍ ግን የከተማው ነው። እሱን ራሳችሁ እንዳትቆርጡ፣ መድኃኒትም ያለ ፈቃድ እንዳትሰጡ። ማትረፍ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ወጪ ማሳከም ይፈቀድ እንደሆነ የከተማውን የዛፍ ክፍል ጠይቁ።

አስቸኳይ አደጋ ከሌለው በቀር መቁረጥም ሆነ መግረዝ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይሁን። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጢንዚዛው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የተቆረጠ እንጨት ሲጓጓዝ በየመንገዱ ያራግፈዋል።

እዚህ ላይ የእኛን ማኅበረሰብ በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ፤ የደመራ እንጨት። በሴፕቴምበር መጨረሻ በየቤተ ክርስቲያኑ ደመራ ይደመራል። ደጋጎች ከየቤታቸው የተቆረጠ እንጨት በፒክአፕ ጭነው ያመጣሉ፣ አንዳንዱም ከሌላ ካውንቲ። ጢንዚዛው በራሱ ክንፍ ብዙ አይርቅም። ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው ሰው ነው፣ በማገዶ። ቅርፊት ያለው የአሽ እንጨት በዚያ ወቅት ትል በሆዱ ይይዛል። የተቃጠለው ተቃጠለ። አደጋው ተርፎ ግቢው ጥግ የሚከመረው ነው፤ በሚቀጥለው ሰመር ከውስጡ ጢንዚዛ ይወጣል። የፌዴራሉ መንግሥት የአሽ እንጨት ዝውውርን የሚገድበውን ኳራንቲን በ2021 ስላነሳ ነገሩ ያለቀ የመሰላቸው አሉ። የግዛቶች ደንብ ሌላ ነው፣ ትሉ ደግሞ ደንብ አያይም። የደመራው እንጨት እዚያው አካባቢ ይገዛ፣ የተረፈውም በዚያው ዕለት ይቃጠል። እኛ ዘንድ ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስናስረዳ ከማንም ቀድመው የተቀበሉት እነሱ ናቸው። ለካምፒንግና ለጥብስ ማገዶ ስትገዙም ሙቀት የተሰጠው የሚል ማረጋገጫ ያለውን ምረጡ።

ወደ አገር ቤት በኮንቴይነር ዕቃ የምትልኩም አስቡበት። አሽ ከወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በ2014 ኦሃዮ ውስጥ ጢንዚዛው ፍሪንጅትሪ በሚባል ሌላ የዚሁ ቤተሰብ ዛፍ ላይ ተገኝቷል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ለምግብ በሚለማው ወይራ እንጨት ላይ ማደግ መቻሉ ታይቷል። የአገራችን ወይራ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማንም በተግባር እንዲያየው አልፈልግም። ዕቃችሁን የምትደግፉበት ፓሌትና ሳንዱቅ በሙቀት መታከሙን የሚያሳይ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለው ማኅተም ይኑረው፣ ቅርፊት ያለው እንጨት አይኑርበት።

ከ2010 ጀምሮ ሚኒሶታ ውስጥ ይህን ጢንዚዛ ብቻ እየፈለጉ የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች ተለቀዋል፤ ሰው አይናደፉም። ለጫካው ተስፋ ናቸው፣ ለአዳዲስ ችግኞችም። ግቢያችሁ ውስጥ ላለው ትልቅ ዛፍ ግን አይደርሱለትም።

ያስቆረጣችሁ መልሳችሁ ትከሉ። በጋራዡ ዛፍ ቦታ፣ ከሽቦው ራቅ አድርገን፣ ሃክቤሪ ተክለናል። ስዋምፕ ዋይት ኦክ፣ በሽታ የሚቋቋም ኤልም፣ ኬንታኪ ኮፊትሪ ሌሎች ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። የመጨረሻው ስሙ ቡናን ቢያነሳም ከቡና ጋር ዝምድና የለውም፤ ጥሬ ፍሬው ይመርዛል፣ ከሕፃናት አርቁት። ከመምረጣችሁ በፊት መንገዳችሁን ከላይ እስከ ታች እዩና የሌለውን ዓይነት ትከሉ። ጎረቤት ሁሉ ሜፕል ከተከለ ቀጣዩ ተባይ ሲመጣ መንገዱ እንደገና ይራቆታል። ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመር የት እንዳለፈ በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል። ችግኙን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰመሮች ዝናብ በሌለበት ሳምንት ሁሉ ቀስ ብላችሁ በደንብ አጠጡት።